ያልወለቀ ጫማ

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ቅመምና የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ በርበሬ መዝኜ፣ ሽሮ አሽጌ፣ የቀሚስ ልክ ወስጄ ማታ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። ግን ስንት ሐኪም በእጄ እንዳለፈ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ታላቅ ወንድሜም እግራቸውን ያጡት በዚሁ በእጄ ነው። እንዴት ቢባል፣ ነገሩ ረጅም ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ ራሴን ነጻ ለማውጣት የምቀባጥር ይመስላችኋል።

በወረርሽኙ ጊዜ የሕክምና ተማሪዎች ክሊኒክ መግባት ተከለከሉ። ያኔ እዚህ ከተማ ያለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመላላሽ በሽተኛ እንዴት እንደሚታይ በኦንላይን ማስተማር ጀመረ። አልጋ ይዞ የተኛውን ሳይሆን፣ ጠዋት መጥቶ ታይቶ፣ መድኃኒቱን አሳድሶ ወደ ሥራው የሚሮጠውን ማለቴ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ትምህርቱ አልቀረም፤ ተማሪው እውነተኛ ሰው ፊት ከመቆሙ በፊት መጀመሪያ በኮምፒውተር ይፈተን ተባለ። ካሜራ ፊት በሽተኛ ሆነው የሚቀመጡ ሰዎች እንደሚፈልጉ የነገረችኝ አንዲት የሱቃችን ደንበኛ ናት። «አክሰንት ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት» አለችኝ። እዚህ አገር ሰው በአክሰንቱ ሥራ ሲያጣ ነው የማውቀው፤ እኔ በአክሰንቴ ተቀጠርኩ።

ሥራው ቀላል ነው። በዕረፍት ቀኔ ሃውቶርን ባለው አፓርታማችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ እቀመጣለሁ። እኔ ስኳር ያለብኝ፣ መድኃኒቴን ለማሳደስ ብቻ የመጣሁ ሴትዮ ነኝ። ተማሪው ስክሪኑ ላይ ብቅ ይልና ሃያ ደቂቃ ይጠይቀኛል። የጠየቀኝን እመልሳለሁ፣ ያልጠየቀኝን አልናገርም። በተሰጠኝ ጽሑፍ መሠረት ግን ጫማዬ ውስጥ እኔም የማላውቀው ቁስል አለ። ስኳር የእግርን ስሜት ይገድለዋል፤ ሚስማር ቢወጋው አይታወቀውም። ሶ፣ ተማሪው «እባክሽ ጫማሽንና ካልሲሽን አውልቂ» ካለኝ አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ፤ እሱ ጋ የእግር ፎቶ ይመጣለታል፣ እኔም አየዋለሁ፤ ከአውራ ጣቱ ሥር የጠቆረ፣ ዳር ዳሩ የነጣ፣ መሃሉ የጎደጎደ። ካላለኝ ፎቶው አይመጣም።

ሰዓቱ ሲያልቅ «አዎ» ወይም «አይ» እያልኩ ቅጽ እሞላለሁ። ሰላምታ ሰጥቷል? አዎ። ስለ መድኃኒቷ ጠይቋል? አዎ። እንደዚህ እያለ ይወርድና አንዱ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ እግሯን ለማየት ጠይቋል? እዚያ ላይ «አይ» ካልኩ ተማሪው ይወድቃል፤ ትምህርቱን ደግሞ ወስዶ፣ እንደገና ተፈትኖ ካላለፈ ክሊኒክ አይገባም። ያሠለጠነችን አስተማሪ ምንም ብትረሱ ይህቺን እንዳትረሱ ብላን ነበር። ጫማ ያላስወለቀ አያልፍም።

እኔም መጀመሪያ አካባቢ ቀልድ አላውቅም ነበር። ስንቱን ጎረምሳ «አይ» ብዬ መለስኩት። ከዚያ ያቺ ልጅ መጣች።

ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ትልልቅ፣ አንገቷ ዝቅ ያለ፣ እንኳን ሐኪም የሐኪም ልጅም አትመስልም። ምንም ከመጠየቋ በፊት ምሳ መብላቴን ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ከመጡት ሁሉ ስለ ምሳዬ ግድ ያለው አንድም አልነበረም። እንቅልፌን ጠየቀችኝ፣ ብቻዬን እኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ መድኃኒቱን መዋጥ ሲሰለቸኝ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። እኔም የማላውቃትን ሴትዮ ኑሮ እየፈጠርኩ ስነግራት ከልቧ ታዳምጠኛለች። ጫማ ግን አልጠየቀችም። ልጠቁማት ብዬ ሁለት ጊዜ ወደ እግሬ አጎነበስኩ፤ ካሜራው የሚያሳየው እስከ ደረቴ ነው፣ ምኑን ታየዋለች። ሃያ ደቂቃው አለቀ።

ካለቀ በኋላ አልወጣችም። ሁለተኛ ጊዜዋ እንደሆነ፣ አሁን ከወደቀች ዓመቱ እንደሚያልፍባት፣ እናቷ ብቻዋን እንዳሳደገቻት ነገረችኝ። ይህን ስትል እንባዋ ወረደ፤ አፍራ በእጅጌዋ ጠረገችው። ምን እንዳልጠየቀች እንኳ አታውቅም፤ ሁሉን የጠየቀች ነው የመሰላት።

ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብን፣ መድኃኒቱ እስካሁን አልተገኘም። ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ቅጹን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የሰው ልጅ ናት፤ እኔ ማን ነኝ በሰው ልጅ እንጀራ ላይ የምቆም? ደግሞስ ፎቶ እኮ ነው። የማንም እግር አይደለም። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። ከታች አስተያየት መጻፊያ አለ፤ እዚያ ላይ ጥሩ ሐኪም ይወጣታል ብዬ ጻፍኩላት።

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ ደስ ብሎኝ ስንጎራደድ ጋሼ ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። አባታችን ወሎ ሲሞት እኔ ገና ጥርሴን ያልቀየርኩ ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው፣ እዚህ አገር ያመጡኝም እሳቸው። በእኛ ቤት ታላቅ ወንድም አንቱ ነው የሚባለው፤ የሱቃችን ወጣቶች በዚህ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ታክሲ ድራይቭ ሲያደርጉ ኖረው የስኳር በሽታቸው ሲጠናባቸው አቆሙ፤ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ አብረን ነው የምንኖረው። «አንዲት ምስኪን ተማሪ አሳለፍኩ» አልኳቸው። «ጎሽ እቴ» አሉኝ፤ «የሰው ልጅ ማሳለፍ ሶደቃ ነው።» በምን እንዳሳለፍኳት አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

ዓመት አለፈ።

አሁን ስለ ጋሼ እግር ልንገራችሁ። ጋሼ ሶላታቸውን አያጓድሉም፤ ውዱእ ሲያደርጉ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በደንብ ነው የሚያጥቡት። ያን ሰሞን መታጠቢያ ቤቱ ክፍት ሆኖ ሳልፍ፣ ካልሲያቸውን ሳያወልቁ እርጥብ እጃቸውን ላዩ ላይ ብቻ ሲያሳልፉ አየሁ። ይፈቀዳል፤ ብርድ ሲሆን ወይ መንገደኛ ሲሆን ሰው ያደርገዋል። ግን ሎስ አንጀለስ ነን፣ ምን ብርድ አለ? ምነው ብዬ ስጠይቃቸው «ዲን ገር ነው እቴ፣ አታክብጂው» አሉኝ። ወገባቸው ለመጎንበስ እምቢ ብሏቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጽሑፉን በቃሌ የማውቅ ሰው፣ በየሳምንቱ የዚያን እግር ፎቶ የምጫን ሰው፣ ተውኩት።

የክሊኒክ ቀጠሯቸው ደረሰ። እኛ ሐኪም ዘንድ የምንሄደው ለብሰን ነው። ጋሼ «ተጎሳቁሎ የገባን ሰው የባሰ ያጎሳቁሉታል» ይላሉ፤ እኔም በዚህ አምናለሁ። ሰማያዊ ሱፋቸውን ተኮስኩ፣ ቶራንስ ሄጄ አዲስ ካልሲ ገዛሁላቸው፣ ጥቁር ጫማቸውን ራሳቸው መስተዋት እስኪመስል ወለወሉት። ክሊኒኩ ከሱቃችን ብዙ አይርቅም፤ መኪናዬን ፌርፋክስ ፓርክ አድርጌ በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ወደ ግራ ጋደል ይላሉ። ስጠይቃቸው «አዲስ ካልሲ ስለሆነ ያንሸራትተኛል» አሉኝ። ሱቁ በር ላይ የቆሙት ሰዎች «ጋሼ፣ ሙሽራ መስለዋል» እያሉ አሳቁዋቸው።

ክፍል ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። እዚያ ክሊኒክ መጀመሪያ ተማሪ ገብቶ ያይና ቀጥሎ ዋናው ሐኪም ይመጣል። በሩ ተከፈተና ያቺ ልጅ ገባች።

ወዲያው አወቀችኝ። በካሜራ ብቻ ያየችኝን ሰው አቅፋ ሳመችኝ። ያለ እኔ እዚህ እንደማትደርስ፣ የጻፍኩላትን አስተያየት እስካሁን እንዳስቀመጠችው እያጣደፈች ነገረችኝ፤ ለወንድምሽ ተርጉሚላቸው አለችኝ። ተረጎምኩ። ጋሼ ፊታቸው በራ። «ያቺ ያሳለፍሻት ናት?» አሉኝ። «እሷ ናት» አልኳቸው። ደረታቸውን ነፍተው፣ ለልጅቷ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው አመሰገኗት።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ወላሂ፣ ጎበዝ ናት። ግፊታቸውን ለካች፣ ልባቸውን አዳመጠች፣ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች፣ እንቅልፋቸውን ጠየቀች፣ እንደለመደችው ቁርሳቸውን ጠየቀች። የሚያስቸግርዎ ነገር አለ ስትላቸው ጋሼ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ። እኔ ጫማውን እየጠበቅኩ ነው። አሁን ትለዋለች፣ አሁን ትለዋለች እያልኩ። ቁልቁል አየችና ፈገግ ብላ «ጫማዎ እንዴት ያምራል» አለቻቸው። ያን እየተረጎምኩ ሳለ ጋሼ ግራ እግራቸውን ቀስ አድርገው ወደ ወንበሩ ሥር ሳቡት። አየሁ። ሸሸጉት፣ አየሁ።

አፌን ከፈትኩ። የጨረስኩት ግን የጫማውን ሙገሳ ነው። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፣ ለምን እንደሆነ። ጋሼ ሴት ልጅ ፊት እግራቸውን ማውጣት አፍረው ነው፣ እኔ ቤት አየዋለሁ አልኩ። ይህ አንዱ ነው፣ እውነትም ነው። ሌላውን ልናገር። ጫማውን አስወልቂ ብላት፣ ይህንን አልጠየቅሽኝም ነበር ማለቴ ነው፤ ያ «አዎ» ውሸት ነበር ማለቴ ነው፤ ጋሼ ሶደቃ ያሉት ነገር ምን እንደነበረ ሁለቱም ሊያውቁ ነው። እፍረቱን ፈራሁ። ዋናው ሐኪም ገባ፤ ልጅቷ እግር ላይ ቅሬታ የለም ብላ ሪፖርት አደረገች። እሱም እጃቸውን ጨብጦ፣ ሱፋቸውን አድንቆ፣ መድኃኒቱን አደሰና በሦስት ወር ተመለሱ አለ።

ቤት እንደደረስን «ጋሼ፣ እግርዎን አሳዩኝ» አልኳቸው። «ምን ሆንሽ አንቺ፣ ሐኪሟ ደህና ነው አላለችም? አንቺው ያሳለፍሻት ሐኪም» አሉና በራቸውን ዘጉ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቤቱ ሽቶ ሽቶ ማለት ጀመረ። ጋሼ ሽቶ የሚቀቡት ለጁምዓ ብቻ ነበር፤ አሁን ጠዋትም ከሰዓትም ሆነ። «ምነው ጋሼ፣ ሚስት ሊያገቡብን ነው?» ብዬ ቀለድኩባቸው። ሳቁ። ሲስቁ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። በማግስቱ ከሱቅ ስመለስ ሶፋው ላይ በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ አገኘኋቸው። ምንም ሳልጠይቅ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጥኩና ጫማቸውን ፈታሁ። ለማስጣል ሞከሩ፣ አቅም አልነበራቸውም። ካልሲው ብቻውን አልወጣም፤ ቆዳ ይዞ መጣ። ሽቶውን የሚረጩት እዚያ ላይ ነበር።

ፎቶውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከአውራ ጣቱ ሥር የጠቆረ፣ ዳር ዳሩ የነጣ። የጋሼ ከዚያም አልፎ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ወጥቷል።

ሆስፒታል ከጉልበታቸው በታች ቆረጡት። ቀዶ ሐኪሙ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ታይቶ ቢሆን ጣት ብቻ ይበቃ ነበር አለኝ፤ እንድተረጉምላቸው ጠበቀኝ። አልተረጎምኩትም። «አላህ ያውቃል ይላል» አልኳቸው። ጋሼ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እግራቸው ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል። ስንት ወረቀት ፈርሜ ተቀበልኩት፤ የመስጊዳችን ሰዎች ወስደው ቀበሩት። ሰው ሳይሞት ለቅሶ አይቀመጡም፤ እኔ ግን ሻርፔን ተከናንቤ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

ልጅቷ ሰምታ ሆስፒታል መጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ እጄን ይዛ «ማየት ነበረብኝ» አለችኝ። «እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። በኦንላይኑ አልፌዋለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አልፌዋለሁ።» ዓይኗ አብጦ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልረሳሽውም፣ መጀመሪያውንም አላወቅሽውም፣ እኔ ነኝ አውቀሽዋል ያልኩሽ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጀርባዋን እየደባበስኩ «አላህ ያመጣው ነው፣ አይዞሽ» አልኳት። ጥፋቱን ብቻዋን ተሸክማ ሄደች። ዛሬም የት እንዳለች አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን አልተውኩም። እንዲያውም ማንም ሰው ጫማ ሳያስወልቅ በእኔ በኩል አላለፈም። ጨካኝ ናት ብለው የከሰሱኝም አሉ፤ አስተማሪዋ ደውላ እየሳቀች ነገረችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጣችው ተማሪ የሐበሻ ልጅ ሆነች። እዚሁ የተወለደች ናት፣ አማርኛዋ ስብርብር ያለ። ጋሼ ከኋላዬ ሶፋው ላይ ናቸው፤ የሱሪያቸው ግራ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሃያ ደቂቃው አለቀ፣ ጫማ የሚል ቃል አልወጣትም። እንግሊዝኛውን ትታ «እትዬ፣ ፕሊስ» አለችኝ። «ፕሊስ፣ እንዳትጥይኝ። ማሚ ታዝንብኛለች።» ቻው ብዬ ዘጋሁት።

ቅጹን ከፍቼ ስወርድ የጋሼ ድምፅ መጣ።

«እቴ፣ ምናለ ብታሳልፊያት። የሰው ልጅ ናት። ያቺንም አሳልፈሻት የለ?»

ያን ቀን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ወንበሬን ወደሳቸው አዞርኩና ነገርኳቸው። ጥያቄው ጫማ እንደሆነ፣ ያቺ ልጅ ጫማ እንዳላስወለቀችኝ፣ እኔ ግን አስወልቃኛለች ብዬ እንደመሰከርኩላት ነገርኳቸው። በርበሬ ስንት እንደሚመዝን እንደምናገር ነው የተናገርኩት። አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ እኛ ሰፈር ሁሌም ያልፋል፣ እስኪያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ካለፈ በኋላ ጋሼ ጠየቁኝ።

«እዚያ ክፍል ውስጥስ፣ እግሬን ስሸሽግ አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

የታጠፈውን ሱሪያቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋሼን ሳውቃቸው በሰው ላይ ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ታክሲያቸው ውስጥ ጩቤ ላወጣባቸው ሰው እንኳ ዱዓ ያደረጉ ናቸው።

«ይህችኛዋስ? አላስወለቀችም?»

«አላስወለቀችም።»

«ጣያት» አሉኝ። «ታልቅስ። ጣያት።»

ወደ ላፕቶፑ ዞርኩና «አይ» የሚለውን ተጫንኩ። ጋሼ ተንጠራርተው ጣቴን እያዩ ነበር።